ጠሪ አክባሪ ነው

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ልጅ ኮሌጅ ባስገባ የሐበሻ ቤት ሁሉ አንድ ሒሳብ ይመጣል። አባት መነጽሩን አድርጎ የመጨረሻውን ድምር ብቻ ያያል፤ እናት "በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ ይከፈላል?" ብላ ትጠይቃለች፤ ልጅ ደግሞ "አታስቡ፣ ብድሩ ይሸፍነዋል" ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከዋናው የትምህርት ክፍያ ሥር የተደረደሩትን ትናንሽ ቁጥሮች ጊዜ ወስዶ የሚያነብ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ትናንሽ ቁጥሮች አንዱ የአትሌቲክስ ክፍያ ይባላል።

ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ጊዜውን የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ይህን ገንዘብ ይከፍላል። ኳስ ቢወድም ባይወድም፣ ስታዲየሙ በየት በኩል እንደሆነ ቢያውቅም ባያውቅም ይከፍላል። በምትኩ ዩኒቨርሲቲው በሜዳው ለሚያደርጋቸው የፉትቦል ጨዋታዎች ሌላ ገንዘብ ሳይጠይቅ ያስገባዋል፤ ከተማሪው የሚጠበቀው ትኬቱን በኢንተርኔት ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ደርሶ ማርሽ ባንዱ መንፋት ሲጀምር ይህ ተማሪ የት ነው? አንዱ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ይቀበላል። ሌላዋ ግሮሰሪ ካሽ ሬጂስተር ላይ ቆማለች። ሦስተኛው ታናናሾቹን አማርኛ ትምህርት አድርሶ መመለሱ ነው። አራተኛው ሥራም ጥናትም ሳይኖርበት አልጋው ላይ ተጋድሞ ያንኑ ጨዋታ በስልኩ ያያል። የተከፈለበት ወንበር ግን ባዶውን ይውላል።

ነገሩ የኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ወዳጆች ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከኳሱ በስተጀርባ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ የግቢው ባለቤት ይሆናል፣ ወይስ መኪናውን አቁሞ፣ ተምሮ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ኖሮ እንደ እንግዳ ይመረቃል? የባዶው ወንበር ጥያቄ ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ኳስ፣ ነገሩ የመሬት ክርክር

ለብዙ ወላጅ የመጀመሪያው እንቅፋት ጨዋታው ራሱ ነው። ስሙ የእግር ኳስ ነው ይባላል፤ የሚያዘው ግን በእጅ ነው። ኳሱ ክብ አይደለም፤ ሰዎቹ የራስ ቁር ደፍተው እንደ በሬ ይጋጫሉ፤ ትንሽ ሮጠው ደግሞ ረጅም ጊዜ ቆመው ይመካከራሉ። "ይህ ምን ጨዋታ ይባላል?" ብሎ ቴሌቪዥኑን ያላጠፋ አባት ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ ከገባ ግን ለሐበሻ ከዚህ የቀረበ ጨዋታ የለም፤ ጠቡ ሁሉ ስለ መሬት ነውና። ሜዳው 100 ያርድ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በእነዚህ አራት ሙከራዎች ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ለተቃራኒው ያስረክባል። ለዚህም ነው ብዙውን ጊዜ አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርሱ ኳሱን በእግር ለግተው የሚያርቁት። መድረሱ ሲያጠራጥር ዳኞቹ ሰንሰለት አምጥተው ይለካሉ። አገር ቤት ቀላድ ሲጣል ያየ ወይም የሰማ ሽማግሌ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ተገፍቶ ተገፍቶ እስከ መጨረሻው መሥመር ለደረሰ 6 ነጥብ፣ ከዚያ ኳሱን በእንጨቶቹ መካከል በእግሩ ላሳለፈ 1 ነጥብ ይጨመርለታል፤ መድረስ አቅቶት ከርቀት መትቶ ላሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። የጨዋታው ሰዓት 60 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ሰዓቱ እየቆመ ስለሚሄድና ማስታወቂያው ስለሚበዛ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ይህን ያህል ያወቀ ወላጅ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ቅዳሜ ለማሳለፍ በቂ ዕውቀት አለው።

ጥሪው ለምን አልተሰማም?

ወንበሩን ባዶ የሚተው የሐበሻ ልጅ ብቻ አይደለም። ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በትልልቆቹ የፉትቦል ዩኒቨርሲቲዎች ስታዲየም የሚገባው ተማሪ ቁጥር ከ2009 ወዲህ በአማካይ 7.1 በመቶ መቀነሱን ጽፎ ነበር። ፉትቦል እንደ ሃይማኖት በሚታይበት በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከዘገባው በፊት በነበሩት አራት የውድድር ዓመታት ለተማሪ ከተመደበው ቦታ 39 በመቶው ባዶ ይውል እንደነበር ያው ጋዜጣ ዘግቧል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጨዋታው የሚጀመርበትን ሰዓት የሚወስነው ተማሪው ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ነው። አርብ ማታ አምሽቶ የተኛ የ19 ዓመት ልጅ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይጠራል። ሜዳ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ስልክ አንድ ላይ ሲከፈት መስመሩ ይጨናነቃል። ቤት ቢቀር ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ጨዋታ ያያል፤ ምግቡ ቅርብ ነው፤ ሽንት ቤቱም ሰልፍ የለውም። በዚያ ላይ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት እየተሸነፈ ከሆነ ሁለተኛውን አጋማሽ ለማየት የሚጠብቅ የለም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ወጥተዋል፤ ብዙም ወርደዋል። ሜሪላንድ በ2014 በስታዲየሙ ውስጥ ቢራና ወይን እንዲሸጥ ፈቀደ። የአላባማው አሠልጣኝ ኒክ ሴባን በ2013 ተማሪዎቹ ጨዋታው ሳያልቅ እየወጡ ነው ብለው በአደባባይ ወቀሱ፤ በ2019 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው የት እንዳለ በስልኩ የሚከታተል ዘዴ አመጣ። ለመጣ 100 ነጥብ፣ እስከ አራተኛው ክፍል ለቆየ ሌላ 250 ነጥብ ይሰጠው ነበር፤ ነጥብ ያጠራቀመ ለትልልቆቹ ጨዋታዎች ትኬት ቅድሚያ ያገኝ ነበር። ተማሪውን በሳተላይት እየጠበቁ ማስቀመጥ መሆኑ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከሁሉም ያስተምራል። እዚያ የተማሪው የዓመት ትኬት ዋጋ ተወደደ፤ የመቀመጫው ደንብ ተማሪውን ሳያማክሩ ተለወጠ። በ2013 ከ19 ሺህ በላይ የነበረው የተማሪ ትኬት ሽያጭ በ2014 ወደ 12 ሺህ ገደማ ወረደ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው በመቅረት አላበቁም፤ ሰልፍ ወጥተው የአትሌቲክሱ ኃላፊ ይውረድልን አሉ። ኃላፊው በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ወደ 175 ዶላር ተቀነሰ። ተማሪዎቹን ያስቆጣቸው ብሩ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ወገን ሳይሆን እንደ ገበያተኛ መታየታቸው ነበር።

ሰው የሚመጣው ሲፈለግ ነው

ቴሌቪዥንና ስልክ በሁሉም ቦታ እያለ አንዳንዱ ሜዳ ጢም ብሎ የሚሞላውስ ለምንድን ነው?

በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጨዋታውን የሚያየው ቆሞ ነው። ልማዱ ከ1922 የመጣ ነው። በዚያ ዓመት ጥር 2 ቀን ዳላስ ላይ በተደረገ ጨዋታ የቡድኑ ልጆች አንድ በአንድ እየተጎዱ ሲወጡ፣ አሠልጣኙ ኪንግ ጊል የተባለውን ተማሪ ከተመልካች መካከል አስጠሩት። ማሊያ ለብሶ በመሥመሩ ዳር ቆመ። ጨዋታው አለቀ፤ ቡድኑ አሸነፈ፤ ልጁ ግን አንድ ጊዜም አልገባም። የታወሰው ስለተጫወተ ሳይሆን ለመግባት ዝግጁ ሆኖ ስለቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚቆመውም "ብጠራ እገባለሁ" ለማለት ነው።

በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አጠገብ የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቷል። ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ፣ በሜዳው ያለው ሕዝብ በሙሉ ዞሮ ከላይ በመስኮት ለሚመለከቱት ሕሙማን ሕፃናት እጁን ያውለበልባል። ይህን ለማድረግ የሚመጣ ሰው ቡድኑ ቢሸነፍም ቀኑ ባከነብኝ አይልም።

ወደ ቤት እንቅረብ። ከሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና ያጠኑበት፣ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ዝምድና ያለው ግቢ ነው። ስታዲየሙ ከኮሌጅ ፓርኩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ግን ከ1924 ጀምሮ የሚከበረው የ"ሆምካሚንግ" በዓል ሲደርስ መቆሚያ ቦታ ይጠፋል። እዚያ የዕረፍት ሰዓት ማለት ሕዝቡ ለመብል የሚበተንበት ሰዓት አይደለም፤ የማርሽ ባንዱ ሰዓት ነው። ኳሱን ለማየት ያልመጣ ባንዱን ለማየት ይመጣል፤ ባንዱን ያላለ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት አብሮት የተማረውን ይፈልጋል።

ያው ሐዋርድ በሐበሻ ቋንቋ እግር ኳስ በምንለውም ታሪክ አለው። ከካሪቢያንና ከአፍሪካ በመጡ ተማሪዎች የተገነባው ቡድን፣ በትሪኒዳዱ ተወላጅ በሊንከን ፊሊፕስ አሠልጣኝነት በ1971 ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ የአገር አቀፉን ኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዋንጫው በተጫዋቾች ተገቢነት ክርክር ተነጠቀ። በ1974 ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ተመልሶ፣ ያንኑ ሴንት ሉዊስን በተደጋጋሚ ጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን በድጋሚ አነሣ። ስደተኛ ተማሪ በኳስ የግቢ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ይታወቃል። በገና ዕለት ሜዳ የሚወጣው መንደር ተመልካችና ተጫዋች ተብሎ አይከፈልም። ዱላ የያዘ ይመታል፤ ያልያዘ ይጨፍራል፤ ጌታና ሎሌ አንድ ይሆናሉ። የላይ ሠፈር ከታች ሠፈር ሲጋጠም ቤቱ የሚቀር የለም፤ የሚሸነፈው ሠፈሩ ነውና። በስድስት ኪሎ የተማሩ ወላጆችም በዘመኑ የኮሌጅ ቀን ሲከበር ግጥም ለመስማት እንዴት ይጋፉ እንደነበር አይረሱትም። የዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በነጥብና በስልክ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን በነጥብ አይገዛም።

የእናት መግቢያ

የሜሪላንድ ስታዲየም የተከፈተው በ1950 ነው። በ1957 ጥቅምት 19 ቀን የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ አንድ የአሜሪካ ጨዋታ ማየት ፈልገው ወደዚህ ሜዳ መጡ፤ ሜሪላንድም ኖርዝ ካሮላይናን 21 ለ 7 አሸነፈ። በ1965 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ የተቀበላቸው ንግሥት እኒሁ ናቸው። ለንግሥት የተከፈተው በር ግን ለሁሉም እኩል የተከፈተ አልነበረም። ስታዲየሙ ለ65 ዓመት የተጠራው በሃሪ በርድ ስም ነበር፤ እኒህ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ጥቁር ተማሪ ከነጭ ጋር እንዳይማር ሲከላከሉ የኖሩ ናቸው። ስሙ የተነሣው በ2015 መጨረሻ ላይ ነው።

በ1963 ዳሪል ሂል የተባለ የዋሽንግተን ልጅ በሜሪላንድ ማሊያ ሲሰለፍ፣ በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ የመጀመሪያው ጥቁር የፉትቦል ተጫዋች ሆነ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሳውዝ ካሮላይና ወርዶ ከክሌምሰን ጋር ሲጫወት እናቱ ልጃቸውን ሊያዩ ሄዱ፤ በሩ ላይ ጥቁር ናቸው ተብለው ተከለከሉ። ይህን የሰሙት የክሌምሰን ፕሬዚዳንት ሮበርት ኤድዋርድስ ራሳቸው ጋብዘው ከእርሳቸው ዘንድ አስቀመጧቸው። ጠሪ አክባሪ ነው ማለት ይህ ነው። ዛሬ የሐበሻ ልጅ ያለ ክልከላ የሚገባበት በር የተከፈተው እነዚያ እናት በቆሙበት ዓይነት በር ላይ በተከፈለ ዋጋ ነው። ባዶ ወንበር ሲታይ ይህም ይታሰብ።

አክብሮቱ ለተመልካች ብቻ መሆን የለበትም። በ2018 ግንቦት 29 ቀን ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት የሜሪላንድ ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ፤ ሰኔ 13 ቀን ሞተ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ ተቋሙ በሕግም በሞራልም ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ተናገሩ፤ በጥቅምት አሠልጣኙ ተሰናበተ፤ በ2021 ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈቀደ። ልጅ በገንዘብ አይተካም። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ወደ ሜዳ ሲልክ የሚያጨበጭብ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅም ሆኖ እንዲሄድ ይገባል። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና የተማሪው ክፍያ በዚህ ውስጥ ድርሻው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ መብት ያለው ከፋዩ ነው።

በዚያው ሜዳ፣ በ2013

አሁን አንድ ነገር እናስታውስ። በ2013 የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን 30ኛ ዓመቱን ያከበረው በዚሁ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። ተማሪ ጠፋበት የሚባለው ሜዳ በዚያ ሳምንት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ ነበር። ሰው የመጣው ከሲያትልና ከዳላስ፣ ከቶሮንቶና ከአትላንታ ነው። ነጥብ የሰጠው የለም፤ በስልኩም የተከታተለው የለም። ከ1984ቱ የሂውስተን ውድድር ጀምሮ ይህን ሕዝብ የሚሰበስበው የኳሱ ጥራት እንዳልሆነ ኳስ የሚያውቅ ሁሉ ያምናል። የሚሰበስበው ከሃያ ዓመት በፊት የተለዩትን የክፍል ጓደኛ ቡና አጠገብ ማግኘት ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ባዶ ወንበር አለ። በፌዴሬሽኑ በዓል ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቅሬታ፣ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ለማታው ሙዚቃ እንጂ ለቀኑ ጨዋታ አይመጡም የሚል ነው። ምክንያቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር አንድ ነው። ማይክሮፎኑ የአባቶች ነው፤ ኮሚቴው የአባቶች ነው፤ ትዝታውም የአባቶች ነው። ልጁ የሚጠራው እንዲያይ እንጂ እንዲሠራ አይደለም። በ1984 ያን ውድድር የጀመሩት ሰዎች ያን ጊዜ ወጣቶች እንደነበሩ መርሳት አይገባም፤ ማንም ተመልካች ሁኑ አላላቸውም፤ ራሳቸው ጠሪ ሆኑ።

ምን ይደረግ?

ወላጆች ሆይ፣ ሒሳቡ ሲመጣ የመጨረሻውን ድምር ብቻ አትመልከቱ። የአትሌቲክስ ክፍያው ስንት እንደሆነ ከልጃችሁ ጋር አንብቡ፤ "ይህን ከፍለንልሃል፤ ስንት ጊዜ ሄድክ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ኳስ ሥራ ፈት ያደርጋል" የሚለው የድሮ ወቀሳ እዚህ ልክ አይመጣም። በዓመት በሜዳው የሚደረገው ጨዋታ ከሰባት ወይም ከስምንት ቅዳሜ አይበልጥም። ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ ከሥራ ፈረቃው ነጻ ቢሆን ቤቱ አይፈርስም። ስለ መጠጡ የምትሰጉ ከሆነ ስጋታችሁ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን መከልከል ሳይሆን አብሮ መሄድ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ ያዘጋጃል፤ ያ ቀን ለእናንተም የተጠራ ጥሪ ነው።

ተማሪዎች፣ ብቻችሁን አትሂዱ። በየግቢው የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። በወቅቱ መጀመሪያ አንድ ጨዋታ መርጣችሁ ትኬታችሁን በአንድ ቀን ጠይቁ፤ አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ደንቡን ለማያውቅ አንድ የሚያውቅ አጠገቡ ይሁን። ከቤት እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ግቢ ውስጥ ዘመድ የሌለው ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ዘመድ ይፈጥራል። መንገዱም ሩቅ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ፎርት ቶተን ደርሶ አረንጓዴውን መያዝ ነው። ግንባታው በ2017 የተጀመረው ሐምራዊ መስመርም ሲልቨር ስፕሪንግን ከግቢው ጋር በቀጥታ እንዲያገናኝ የታቀደ ነው። ከአሌክሳንድሪያ የሚነሣ በቢጫው ተሳፍሮ ወደ አረንጓዴው ይሸጋገራል።

በቨርጂኒያ በኩል ያላችሁ "እኛ ጋ ፉትቦል የለም" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ሆነ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በዋናው የኮሌጆች ውድድር የሚሰለፍ የፉትቦል ቡድን የላቸውም። ሜሰን ግን ቅርጫት ኳስ አለው። በ2006 ማንም ያልጠበቀው ያ ቡድን እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ኃያሉን ኮኔቲከትን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ 84 ጥሎ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ የነበረ ተማሪ ታሪኩን ለልጁ ይነግራል፤ ቤቱ ተኝቶ የነበረው ደግሞ "እኔም እዚያ እማር ነበር" ከማለት ሌላ የሚለው የለውም።

ለዩኒቨርሲቲዎቹም የሚባል አለ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው በሺህ የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይኖራል፤ ስንቱ ጋ በቋንቋው የተጻፈ አንድ የጥሪ ወረቀት ደርሷል? ቅዳሜ ፈረቃ የሚሠራውን ተማሪ ነጥብ ከምትነፍጉት የማታውን ጨዋታ ቅድሚያ ስጡት። አንድ ቅዳሜ የአፍሪካውያን ተማሪዎች ቀን ይሁን፤ ከበሮው በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ይውጣ፤ ቡናው በበሩ ይፈላ። እስክስታ የሚያውቅ ልጅ ባንዱ መካከል ሲገባ እናቱ ቤት አትቀርም፤ አክስቶቹም ይከተላሉ።

ፌዴሬሽኑና የየከተማው ቡድኖች ደግሞ ከዚህ ትምህርት ይውሰዱ። ለወጣቱ ትኬት ከመቀነስ ሥራ መስጠት ይሻላል። ማይክሮፎኑን ለግማሽ ቀን አስረክቡት፤ ጨዋታውን በሁለት ቋንቋ ያስተላልፍ፤ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑረው። ኪንግ ጊል የተባለው ተማሪ አንድም ኳስ ሳይነካ መቶ ዓመት የታወሰው "ና፣ ትፈለጋለህ" ስለተባለ ነው።

በሐበሻ ባህል ሠርግ ቤት ደጁ ክፍት ነው ተብሎ ማንም ዝም ብሎ አይገባም፤ በሰው ይጠራል፤ በስሙ ይጠራል። የተጠራም ይሄዳል፤ ሥራ በዝቶበት ቢሆን እንኳ ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ ጠሪ አክባሪ ነውና። ዩኒቨርሲቲው በደንብ ይጥራ፤ ወላጅም ልጁን "ሂድ" ይበለው። ወንበሩ እንደሆነ ተከፍሎበታል።

ቸር ይግጠመን።